በምናለ ምድጃ ውስጥ ያለው መስታወት

ከዚህ በታች በምናገረው ላይ አንዲት ጠብታ ጨምሬ ከተገኘሁ የወፍጮዬ ድንጋይ ለሁለት ይሰንጠቅ፤ ገበያተኛው ሁሉ ስልቻውን ተሸክሞ ወደ ተፎካካሪዬ ይንጎድ። ከዚህ የጠነከረ መሐላ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የለም፤ ቢኖር ኖሮ እሱንም እምል ነበር። ጌቱ ባለወፍጮው ማለት እኔ ነኝ። ውሸት አልወድም። አንዳንዴ እውነቱ ራሱ አጎንብሶ ሲመጣብኝ ቀና በል እለዋለሁ እንጂ።

«እስኪ ልነሣ» አለች ሥራነሽ።

«አትነሽም!» አሉ ሴቶቹ ባንድ አፍ።

ባሏን ምናለን ቀብረን ገና መመለሳችን ነው። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ የእድሩን ድንኳን እንደ ከበሮ ይደልቀዋል። ለቀስተኛው ጭቃውን በየጫማው ተሸክሞ ገብቶ ሳሎኑን ሞልቶታል። ሥራነሽ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። በቀኟ ታየች የምትባለው ጎረቤቷ፣ በግራዋ ሌላ ሴት፣ ከፊቷ የሰው ጉልበት፣ ከኋላዋ ግድግዳ። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሎበታል። ታየች የእድሩ ሴቶች አለቃ ናት። ሐዘንተኛ በመጠበቅ የሚስተካከላት የለም። ከእጇ አምልጦ ለብቻው ያለቀሰ ሰው በከተማችን ታሪክ አልተሰማም።

«ወዴት ነው የምትሄጅ?» አለቻት ታየች፣ ክንዷን ሳትለቅ።

«ከኋላ። ምድጃው ዘንድ።»

«ንፍሮው በውጭ ነው የሚቀቀል። ምድጃ ምን ያደርግልሻል?»

«የሱን ምድጃ ነው የምልሽ። በርቷል። ልየው።»

«ሰው ልኬ አስጠፋዋለሁ፤ አንች አርፈሽ ተቀመጭ።»

«አይሆንም!»

ከሬሳው መውጣት ወዲህ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነው። ራሷም የደነገጠች መሰለኝ፤ መልሳ ዝቅ አድርጋ «ማንም እንዳይነካው ነው የምለው» አለች።

እኔ በሩ ላይ ነበርሁ። ያን ጊዜ በሩ ላይ ባልኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ታሪክ ባልተፈጠረ፤ ጎጃምም ያጣችውን ሳታውቅ በቀረች። ወዲያው ቤቱን ዞሬ ወደ ኋላ ሄድሁ።

የምናለ የሥራ ክፍል ከሳሎኑ አንድ ግድግዳ ነው የሚለያት። ነጭ ጋዋኑ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። መስታወት የሚያቀልጥበት የጋዝ ችቦ ቀዝቅዞ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ከጣራው ሥር፣ ከማገሩ መሀል፣ የእናቱ የአረቄ መቃ፣ እንፋሎት ታሳልፍበት የነበረው ሸምበቆ፣ እንደ ቀድሞው ተሰክቶ አለ። ምድጃው ግን፣ ያ ራሱ በጡብና በኤሌክትሪክ ሽቦ የሠራው ምድጃ፣ ቀይ መብራቱን አብርቶ ይጠብቀኛል። መዳፌን ባስጠጋው የሐምሌ ብርድ ሁሉ ከአጥንቴ ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። ያ ምድጃ እኮ ሲነድ ቀልድ አይደለም። ሙቀቱ ግድግዳውን ዘልቆ ሳሎን ውስጥ ሊጥ ያስነሣል፤ ዳቦ ሳይቀር ይጋግራል። በዐይኔ አይቻለሁ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ምድጃው ውስጥ መስታወት አለ። ምናለ ከመውደቁ በፊት ያስገባው የመጨረሻው ኮንደንሰር!

ኮንደንሰር ለማያውቅ እንዲህ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ፈሳሽ ያፈሉና እንፋሎቱን በመስታወት ቱቦ ያሳልፉታል። ቱቦው ከላዩ ሌላ ሰፊ ቱቦ ለብሷል፤ በሁለቱ መካከል ቀዝቃዛ ውሃ ይሮጣል። እንፋሎቱ ብርዱ ሲያገኘው ተመልሶ ጠብታ ይሆናል፤ ንጹሑ ብቻ ከወዲያ ይንጠባጠባል። ምናለ ኮሌጅ ውስጥ ኬሚስትሪ ያስተምር ነበር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ውሃ የሚጠማ እቃ ይዞ! አንድ ብርጭቆ ለማጣራት አንድ በርሜል ይፈስሳል ይላል እሱ፤ እኔ ሦስት በርሜል እላለሁ።

አንድ ቀን በትምህርት መሀል ቧንቧው ጸጥ አለበት። እንፋሎቱ እየፏጨ ክፍሉን ሞላው፤ ተማሪዎቹ ጠረጴዛ ሥር ገቡ። ምናለ እሳቱን አጥፍቶ ተማሪዎቹን ይቅርታ ጠየቀ፤ ውሃውን የዘጋው እሱ ይመስል። ከዚያ በቀጥታ ወፍጮ ቤቴ መጣና ዱቄት የለበሰ አግዳሚዬ ላይ በጣቱ አንድ ሆዳም ነገር ሣለ።

«ጌቱ፣ ውሃው ባይሮጥስ?»

«ምን ያድርግ?»

«ቢቀመጥስ? እናቴ ሉማሜ አረቄ ስታወጣ ቧንቧ ነበራት እንዴ? የሚሞላውን እንስራ ገንዳ ውሃ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ውሃው ሲሞቅ ትቀይረዋለች፤ አለቀ።»

የሣለው ነገር ውጪው እንደ ጋን ሆዱ የሰፋ ነው፤ ውሃ በእጅ ይሞላበታል፤ ከላይ እርጥብ ጨርቅ ይለብሳል፤ የደጋው ነፋስ ጨርቁን እያደረቀ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል። የውስጡ ቱቦ ደግሞ ልሙጥ አይደለም። እንደጋለ በብረት ጫፍ እየተወጋ ወደ ውስጥ እንዲሠረጉድ ይደረጋል፤ እንፋሎቱ ቀጥ ብሎ እንዳያመልጥ፣ ከጉብታ ጉብታ እየተላተመ ብርዱን በደንብ እንዲቀምሰው። በዚያች አግዳሚ ላይ ግማሹን የነገርሁት እኔ ነኝ ብል ማጋነን አይሆንም። ዱቄቱ የኔ ነበር።

እና ያን ዕለት ከምድጃው ፊት ቆሜ ይህ ሁሉ መጣብኝ። መስታወት በአንድ ጊዜ ከበረደ ይሰነጠቃል። ሙቀቱን በቀስታ፣ በትዕግሥት ማውረድ ያስፈልጋል፤ የመቆጣጠሪያውን ቁልፍ አዟዟር ከምናለ ሌላ የምታውቅ ሥራነሽ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ታየች እጅ ላይ ናት።

ድንኳን ተመልሼ ለአንድ ሰው ብቻ በጆሮው ነገርሁት። ወሬው ድንኳኑን ዞሮ ወደኔ ሲመለስ ምናለ በአንድ ሲኒ ውሃ አባይን የሚያጣራ ዕቃ ምድጃ ውስጥ ትቶ ሞተ ሆኗል። እኔ ያልሁት በሁለት ሲኒ ነው። ሰው ሲያጋንን አልወድም።

*

በማግስቱ ታየች ለሥራነሽ ሌላ ቦታ አዘጋጀች።

«ወደ ፊት ነይ፣ እንግዳው እንዲያይሽ። ምን ግድግዳ ሥር ትሸጎጫለሽ?»

«እዚሁ ይሻለኛል።»

«ከሩቅ የመጣ ሰው አንገቱን እያሰገገ ነው እኮ የሚያጽናናሽ!»

ሥራነሽ ትራሷን ከኋላዋ አወጣችና ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ዐይኗን ጨፈነች። እኔ ሰው ዐይኑን ጨፍኖም ልቡን አነበዋለሁ፤ ምድጃውን እየጠበቀች ነበር። የስፌት መኪናዋም የምትቆመው ያን ግድግዳ ተደግፋ ነው፤ ለለቅሶው ሲባል ወደ ጓዳ ገባች እንጂ።

ሰዎች ይገባሉ። «እግዜር ያጥናሽ» ይላሉ። ይቀመጣሉ። ከፔርሙስ የተቀዳ ቡና እጃቸው ላይ እየቀዘቀዘ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ መንገዱ ያወራሉ። ሲወጡ ሌሎች ይገባሉ። እሷ መሀል ላይ ናት። ስትስል ውሃ ያቀርቡላታል፤ ስትተነፍስ «አይዞሽ» ይሏታል። ዝም ስትል ደግሞ ይንሾካሾካሉ።

«ምድጃ ምድጃ ማለቱን አልተወችም።»

«ጠበል ብንወስዳትስ?»

«ከሰልስቱ በኋላ ይሻላል፤ አሁን አትወጣም።»

ይህን ስሰማ ገባሁና «ሴቶች፣ አገር የሚጠብቀው መስታወት እዚያ ውስጥ አለ! ሙቀቱ ካልተስተካከለ ፈንድቶ ሰፈሩን ያነደዋል!» አልኋቸው። ሥራነሽ ዐይኗን ገልጣ አየችኝ።

«ጌቱ፣ ተው።»

ትሕትና ነው። ባሏም እንዲያ ነበር።

የመጨረሻዋ ቃሌ ሴቶቹን አንቀሳቀሰች። ሥራነሽን በሁለት ክንዷ ይዘው፣ ሁለቱ ከፊት፣ አራቱ ከኋላ ሆነው፣ እንደ ታቦት አጅበው ወደ ሥራ ክፍሉ ወሰዷት። በሩ ጠባብ ነው፤ ሁሉም አንገታቸውን አስገቡ። እሷ ጋዋኑን አላየችውም፣ ወይም እንዳላየች ሆነች። የምድጃውን በር አልከፈተችም። ቁልፉን ያዘችና ጥቂት ወደ ላይ አዞረችው።

«ወደ ላይ ነው እንዴ?» አለች ታየች።

«ጥበብ ነው!» አልሁ ፈጥኜ። «ለመውረድ መጀመሪያ ትንሽ ይወጣል። ተራራም እንዲሁ ነው።»

ሥራነሽ ለቅጽበት ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። የሳቅ ዘመድ ነበር። ከዚያ ወደ ፍራሿ፣ ወደ ጉልበቶቹ መካከል፣ ወደ ግድግዳዋ መለሷት።

ምናለ መስታወት ሲሠራ እንዲህ ነበር፤ እሱ ከወዲያ፣ እሷ ከወዲህ። ቱቦው ረጅም ሲሆን ትሄድና ሌላውን ጫፍ ይዛ ታዞርለታለች፤ እሱ ይነፋል፤ ጉንጩ እንደ መለከት ነፊ ይወጠራል። ሲጨርስ ወደ መኪናዋ ትመለሳለች። ችግሩ ሁልጊዜ መጋጠሚያው ላይ ነው። ውስጡ ሲግል ይለጠጣል፤ ውጪው ቀዝቅዞ አልንቀሳቀስም ይላል፤ ሁለቱ ተጋብተዋልና መለያየት አይችሉም። ቆይቶ ቆይቶ «ጥው!» ብሎ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ምናለ በግድግዳው በኩል ይጣራል።

«ሳቀች!»

ሥራነሽ ፔዳሉን ሳታቆም ትመልሳለች። «ትሳቅ! ነገ ደግሞ እኛ እንስቃለን!»

ስንቷ እንደሳቀች የሚያውቅ የለም። እኔ እስከ ሺህ ቆጥሬ ተውሁት። በመጨረሻ መጋጠሚያው ላይ እንደ ቀሚስ ሽንሽን እጥፋት ሊያደርግበት አሰበ፤ ውስጡ ሲለጠጥ እጥፋቱ ይከፈታል፣ ሲበርድ ይታጠፋል። ሐሳቡን ከየት አመጣኸው ስለው ወደ ግድግዳው በአገጩ አመለከተ። እሷ የሙሽራ ቀሚስ እየሸነሸነች ነበር።

*

ከሰዓት በኋላ የምናለ አጎት አያ ገዳሙ ከዲማ ወገኖቻቸውን አስከትለው ደረሱ። ወንዙ ሞልቶ ለቀብሩ አልደረሱም፤ ያ አንገብግቧቸዋል። ገብተው አለቀሱ፣ ተቀመጡ፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሀል አቆሙ።

«ነገ ሰልስቱ ነው» አሉ። «አደባባይ ቆመን በወጉ እናለቅሰዋለን። ልብሱ ይውጣ፤ ፎቶው ይውጣ፤ ጠመንጃው ይውጣ።»

በአገራችን ወንድ ሲሞት ለቅሶው ሜዳ ላይ ልብሱንና ጠመንጃውን ይዘው እየዞሩ ነው የሚፎክሩለት፣ የሚያወድሱት። ከተማው እየተወው ነው፤ ዲማ ግን አልተወችም።

«ጠመንጃ የለውም፣ አባቴ» አለች ሥራነሽ።

«እንዴት የለውም?»

«አልነበረውም። መምህር ነበር።»

አያ ገዳሙ ዞር ብለው ወገኖቻቸውን አዩ። ሰዎቹ ራሳቸውን ወደ መሬት ደፉ። ያች ቤት እንዲህ ያለ ሐፍረት አይታ አታውቅም።

«እህ። ታዲያ ምኑን ይዘን ነው የምናለቅስ? ባዶ እጃችንን ነው እንዴ የምናወዛውዝ?»

እዚህ ላይ እኔ ባልኖር ምን ይሆን ነበር? ተነሣሁ። ራሴ ጣራውን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«አያ ገዳሙ! ከጠመንጃ የሚበልጥ አለው! በእጁ የሠራው፣ በትንፋሹ የነፋው መስታወት ምድጃ ውስጥ አለ። ነገ እሱን ይዘን እንወጣለን!»

ቤቱ ተንጫጫ። «በትንፋሹ?» አሉ ሽማግሌው። «የሱ ትንፋሽ ውስጡ አለ ማለት ነው?»

«እንዴታ!»

አያ ገዳሙ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ካጠገባቸው የተቀመጡት የኮሌጁ ኃላፊ፣ ሰብሰብ ያሉ ሰው ናቸው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወይዘሮ ሥራነሽ፣ ይህን አላወቅንም ነበር። ለአርባው ባለመስታወት ቁም ሣጥን እናዘጋጃለን፤ ስሙ ይጻፍበታል፤ ተማሪ ሁሉ እያየው ያልፋል። ፈቃድዎ ከሆነ።»

ሥራነሽ እኔን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ በሩን አየች። በሩ በሰው ተዘግቷል። እጆቿ ጭኗ ላይ ተቆላለፉ። ደስታ ሲበዛ ሰው እንዲህ ይሆናል።

«ልነሣ» አለች ቀስ ብላ።

«አትነሽም» አለች ታየች። «ይኸው እየተከበርሽ ነው።»

ያ ሳያንስ መብራት ጠፋ! መላው ደብረ ማርቆስ ድርግም አለ። ምድጃው በአንድ ጊዜ ሊበርድ፣ መስታወቱ ሊስቅ! ዝናቡን እንደ ጠላት ጦር ሰንጥቄ ወፍጮ ቤት በረርሁ፤ ሃያ ሰው የማያነሣውን ሞተር ለብቻዬ ጫንሁ፤ ሽቦውን በጥርሴ ላጥሁ። ቀዩ መብራት መልሶ ሲበራ ለቀስተኛው እልል ሊል ለጥቂት፣ የለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ብሎት ነው የተወው። ሞተሬ ሲያጓራ ዋለ። ምናለ በሕይወት ቢኖር «ጌቱን አፍልተን ብናጣራው ስንት ጠብታ ይወጣው ይሆን?» ባለኝ ነበር። ሁልጊዜ እንዲያ ይለኝ ነበር። እኔም «በርሜል አዘጋጅ» እለው ነበር።

*

የሰልስቱ ጠዋት ፍትሐቱ ካበቃ በኋላ ሰዉ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። አሥር ሺህ ሰው ነበር፤ ዝናቡን ፈርቶ የቀረውን ሳልቆጥር።

ምድጃውን ለመክፈት እኔና ሥራነሽ ብቻ ገባን። ሴቶቹን «ሙቀቱ ዐይን ያጠፋል» ብዬ ከበሩ መለስኋቸው። ታየች እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ክንዷን ለቀቀች።

ክፍሏ ጭር ያለች ነበረች። ሥራነሽ ከምድጃው ፊት ቆማ እጇን አልዘረጋችም።

«አንተ ክፈተው» አለችኝ።

ከፈትሁት። እናንተ ሆይ! እንዲህ ያለ ነገር ዐይን አይቶ አያውቅም። እንደ ጥምቀት ማለዳ ውሃ የጠራ፣ ሆዱ የሰፋ፣ በውስጡ ያ ጉብታማ ቱቦ እንደ እንዝርት ቀጥ ያለ፣ መጋጠሚያው ላይ ያች የቀሚስ ሽንሽን። ስንጥቅ የለው፣ ጭረት የለው። በጥፍሬ ነካ ሳደርገው እንደ ቃጭል ጮኸ። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። እኔ ግን ብረት ነኝ፤ በእነዚያ የለቅሶ ቀናት ሁሉ ከዐይኔ አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ጋዋኑን ከሚስማሩ አወረድሁ፤ ዝናብ እንዳይነካው አድርጌ ጠቀለልሁት፤ ታቅፌ ወጣሁ።

ሜዳው ላይ ስደርስ ዝናቡ ቆመ። ፎቶው ከፊት፣ ኮቱ ቀጥሎ፣ እኔ በመሀል።

«ሌላው በጠመንጃ ሰው ሲያስር ሲፈታ፣
ምናለ እንፋሎትን አሰረ በጸጥታ!»

ብዬ ስፎክር ተራራው አስተጋባ። እንባ ጎርፍ ሆነ። አያ ገዳሙ ዱላቸውን ጥለው መጡና ጋዋኑን ከነጥቅልሉ ተቀበሉኝ፤ እንደ ሕፃን ታቀፉት፤ ሳሙት።

«ቀላል ነው» አሉ።

«ጥሩ መስታወት ቀላል ነው፣ አያ» አልኋቸው።

ሥራነሽ በሴቶቹ መሀል ቆማ ነበር። ደረቷን አልመታችም። ጋዋኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ በዐይኗ ብቻ ተከተለችው። የባሏ ስም እንዲያ ከፍ ሲል ያየች ሴት ምን ትላለች?

*

ይህን ሁሉ የተረክሁት በአርባው ዕለት ነው፤ በዚያው ሳሎን፣ ያኔ ላልደረሱ የሉማሜና የአዲስ አበባ ዘመዶች። ፍልሰታ ወጥቷል፤ ጠላው ጥሩ ነበር፤ ድምፄም ከጠላው ጋር ጥሩ ነበር። ብርድ ልብሱ ከመስኮቱ ወርዷል። ሥራነሽ ግን ከዚያው ግድግዳ ሥር፣ ከታየች አጠገብ ናት። ኃላፊው ቁም ሣጥኑን በፒክአፕ አስጭነው መጥተዋል፤ በረንዳው ላይ ቆሟል። ቁልፉ እጃቸው ላይ ነው።

«እንግዲህ» አሉ፣ ትረካዬን ስጨርስ፣ «ወይዘሮ ሥራነሽ፣ መስታወቱን ይስጡንና በክብር እናስቀምጠው።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። እኔ ቶሎ ገባሁ። «መስታወቱማ፣ አያችሁ፣ ከሰልስቱ በኋላ ሁለት ፈረንጆች...»

«ጌቱ» አለች።

አልጮኸችም። ልብስ ሰፊ ሴት ክር እንደምትበጥስ ነበር አባባሏ። ቆምሁ።

«መብራት አልጠፋም» አለች። «ሞተርም አልመጣም። ምድጃው ውስጥም መስታወት አልነበረም።»

ኃላፊው ቁልፉን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት።

«የመጨረሻዋ ከመሞቱ በፊት ሳቀች። እሱም አብሯት ሳቀ። ስብርባሪውን ጠርጎ ጣለ፣ ምድጃውን አጠፋ፣ እጁን ታጠበ፤ ነገ ሌላ እንሞክራለን አለኝ። በነጋው ወደቀ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ምድጃውን ያበራሁት እኔ ነኝ፤ ሬሳውን ካወጡት በኋላ፣ ሰዉ ለቀብር ሲወጣ። እዚህ አስቀመጡኝ፣ ተደገፍሁ፤ ግድግዳው በረዶ ሆኗል። እሱ ሲሠራ እኮ ሁልጊዜ ይሞቃል። ሌላ ነገር አልነበረም።»

«ታዲያ ያ በጋዋን የታቀፍሁት?» አሉ አያ ገዳሙ።

«የእናቱ የአረቄ መቃ ነው፣ አባቴ። ጌቱ ባዶውን ምድጃ ሲያይ መሬት ላይ ተቀመጠ። ድምፅ ሳያሰማ አለቀሰ፤ ብዙ። ከዚያ ተነሥቶ መቃውን ከጣራው ሥር አወረደና ጠቀለለው። ሰው እንዳይስቅብኝ ብሎ ነው።»

ወለሉን አየሁ። ወለሉ ላይ የሚታይ ብዙ ነገር ነበር።

ሽማግሌው «እንግዲያስ እናቱን ወለተ ሐዋርያትንም አብረን አለቀስናት በሉኛ» አሉ፤ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ሥራነሽ ተነሣች። ታየች እንደ ልማዷ እጇን ዘረጋች፤ ግን አልያዘቻትም። ሥራነሽ ወደ ግድግዳው ዞራ መዳፏን ሙሉ በሙሉ አሳረፈችበት፤ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚነካ። ቆየች። ከዚያ የቀዘቀዘ እጇን አንሥታ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው፤ በሌላው እጇ ትራሷን ከግድግዳው ሥር አነሣች፤ ወደ መስኮቱ ሄዳ፣ ሰው መሀል አስቀመጠችውና ተቀመጠች።